ከማዕድ ቤት ወደ ባሕር ኃይል፦ የጆሮ ማዳመጫን የሠራው የናትናኤል ባልድዊን ሕይወት

እአአ በ1910 ዋሽንግተን ወደሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሬዲዮ ክፍል አንድ ለየት ያለ ደብዳቤ መጣ። ወረቀቱ ሰማያዊና ሮዝ፣ የተጻፈበት ቀለም ደግሞ ሐምራዊ ነበር። የጦር መኮንኖች እንዲህ ያለውን ወረቀት ከቁም ነገር መቁጠር ይከብዳቸዋል።

የላከው ሰው በሬዲዮ ባለሙያዎች ዘንድ ስሙ ተሰምቶ አያውቅም። የሚኖረው ከባሕር እጅግ በራቀው በተራራማው የዩታ ግዛት ነው። በገዛ እጁ የሠራቸውን የድምፅ መቀበያዎች ባሕር ኃይሉ እንዲፈትሽለት ነበር የጠየቀው።

ደብዳቤውን የተቀበለው መኮንን አርተር ሄፕበርን ነገሩን ሳይንቅ ለሙከራ አቀረበው። ውጤቱ አስደናቂ ሆነ። ባሕር ኃይሉ እስከዚያ ድረስ ሲጠቀምባቸው ከነበሩት መቀበያዎች ይልቅ ከዩታ የመጣው ደካማ ድምፅን አጥርቶ ያሰማ ነበር።

የዚህ ሰው ስም ናትናኤል ባልድዊን ይባላል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰዎች ጆሯቸው ላይ የሚደፉት፣ ሁለት ጎን ያለውና በራስ ላይ በሚያልፍ ቅስት የተያያዘው የጆሮ ማዳመጫ መነሻው የእርሱ ሥራ ነው። በአሁኑ ጊዜ ማዳመጫ የሚገዛ ሰው ጀርባው የተዘጋውን ልውሰድ ወይስ ክፍቱን ብሎ ሲያመነታ፣ ባልድዊን ከመቶ ዓመታት በፊት የተጋፈጠው ጥያቄ ሌላ መልክ ይዞ ቀርቦለታል ማለት ነው። ባልድዊን ግን ለማመንታት ዕድሉ አልነበረውም።

የእምነት ልጅ፣ የብረት ወዳጅ

ባልድዊን የተወለደው እአአ ታኅሣሥ 1 ቀን 1878 ዩታ ውስጥ በምትገኘው ፊልሞር በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ የሞርሞን እምነት ተከታዮች ነበሩ። ያደገውም ሃይማኖት የቤት፣ የገበያና የአደባባይ ሕይወት ሁሉ መሠረት በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ ነው።

በልጅነቱ ዕቃ መፍታትና መልሶ መግጠም፣ ካገኘው ቁርጥራጭ አዲስ ነገር መሥራት ይወድ ነበር። ይህ ዝንባሌው በፕሮቮ ከተማ ወደሚገኘው ብሪገም ያንግ አካዳሚ፣ ከዚያም ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መራው። በስታንፎርድ የኤሌክትሪክ ምህንድስናን ተማረ። ለገጠር ልጅ በዚያ ዘመን ቀላል መንገድ አልነበረም።

ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ዩታ ተመለሰና ቀድሞ በተማረበት ተቋም መምህር ሆነ። ሕይወቱን መልሶ መልሶ የሚያናጋው ጉዳይ በመጀመሪያ የገጠመውም እዚያ ነው።

የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ለአሥርታት አንድ ወንድ ከአንድ ሚስት በላይ ማግባቱን ትፈቅድና ታበረታታ ነበር። ከፌዴራሉ መንግሥት በደረሰባት ብርቱ ጫና እአአ በ1890 ልማዱ እንዲቆም አወጀች፤ በ1904 ደግሞ ክልከላውን አጠበቀችው። ብዙዎች አዲሱን ሕግ ተቀበሉ። ጥቂቶች ግን የቀደመው ትምህርት ከእግዚአብሔር የተሰጠ ስለሆነ ሰው ሊሽረው አይችልም ብለው አሻፈረን አሉ። ባልድዊን ከእነዚህ ወገን ቆመ፤ እምነቱንም አልደበቀም። የማስተማር ሥራውን ያጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ መተዳደሪያው በተራራ ሸለቆ ውስጥ የተሠራ፣ በወንዝ ውኃ የሚንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ማመንጫን መጠበቅ ሆነ። ሥራው ጸጥታ የበዛበትና ለማሰብ ጊዜ የሚሰጥ ነበር።

ስብከት ለመስማት የተጀመረ ሥራ

ባልድዊን የድምፅን ጉዳይ እንዲያጠና ያነሣሣው ጸሎት ቤት ውስጥ የገጠመው ችግር እንደሆነ ይተረካል። በሶልት ሌክ ሲቲ የሚገኘው ታላቁ የሞርሞን አዳራሽ ግዙፍ ነው። የድምፅ ማጉያ ባልነበረበት በዚያ ዘመን የሰባኪውን ቃል ከኋላ ሆኖ አጥርቶ መስማት ያስቸግር ነበር። ባልድዊን ይህን ለማቃለል በተለያዩ መንገዶች ሞከረ። ፍለጋው በመጨረሻ ያደረሰው ግን ከአዳራሽ ማጉያ ይልቅ ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ወደሚናገር ዕቃ ነው።

የፈጠራውን ዋጋ ለመረዳት በወቅቱ የነበረውን የስልክ መቀበያ ማወቅ ያሻል። በተለመደው መቀበያ ውስጥ ከቀጭን ብረት የተሠራ ክብ ገበታ በማግኔት ፊት ለፊት ይቀመጣል። ማግኔቱ ገበታውን ያለማቋረጥ ወደ ራሱ ስለሚስበው ገበታው ገና ድምፅ ሳይመጣ የተወጠረ ነው። የተወጠረን ነገር ለማንቀሳቀስ ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ያን ጉልበት አያገኝም።

ባልድዊን ሁለቱን ሥራዎች ለያያቸው። ትንሽ የብረት ምላስ ወስዶ በማግኔቱ ዋልታዎች መካከል ሚዛኗን ጠብቃ እንድትቆም አደረገ። ምላሷ ከየአቅጣጫው እኩል ስለምትሳብ ዕረፍት ላይ ናት። በዙሪያዋ በተጠመጠመው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሚዛኗ ይዛባና ትወዛወዛለች። ውዝዋዜዋን አንድ ስስ ዘንግ ተቀብሎ ሚካ ከተባለው ቀላልና ጠንካራ ማዕድን ወደተሠራ ገበታ ያደርሰዋል። ገበታው አየሩን ሲመታ ድምፅ ይሆናል።

ነገሩ እንደ ወርቅ ሚዛን ነው፤ በሁለቱም ወገን እኩል የተጫነን ሚዛን አንዲት ቅንጣት ታጋድለዋለች። ይህ አሠራር ዛሬም አልሞተም። ለመስማት የተቸገሩ ሰዎች በሚጠቀሙባቸው መርጃዎችና ሙዚቀኞች መድረክ ላይ ጆሯቸው ውስጥ በሚሰኩት ጥቃቅን ማዳመጫዎች ውስጥ እስካሁን ይሠራል።

አሥር ብቻ

ባሕር ኃይሉ በሙከራው ከረካ በኋላ ማዳመጫዎቹን ለመግዛት ወሰነ። ከዩታ የመጣው መልስ ግን ለዋሽንግተን ሰዎች እንግዳ ነበር። ባልድዊን በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ ትእዛዝ መቀበል እንደማይችል አስታወቀ። ፋብሪካ አልነበረውም፤ ማዳመጫዎቹን የሚሠራው ከሥራ በተረፈው ሰዓት በቤቱ ማዕድ ቤት ውስጥ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ማዳመጫው በራስ ላይ ሲታሰር እንዳይጎረብጥ መያዣው እንዲሻሻል ተጠየቀ። ባልድዊን በቆዳ የተለበጡ ሁለት የሽቦ ዘንጎችን በቅስት መልክ ሠርቶ በሁለቱ መቀበያዎች ላይ አጋጠማቸው። ዘንጎቹ ስፕሪንግነት ስላላቸው የማንኛውንም ሰው ራስ ጨብጠው ይይዛሉ፤ መቀበያዎቹም እንደ ጆሮው አቀማመጥ ከፍና ዝቅ ይላሉ። የባሕር ኃይሉ ሰዎች ለዚህ ሥራ የፈጠራ ባለቤትነት መብት እንዲያወጣ መከሩት። እርሱ ግን ይህን የመሰለ ተራ ነገር ለዚያ እንደማይበቃ ቆጥሮ ተወው። ከዚያ ወዲህ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ማዳመጫዎች በዚያ ቅስት አምሳያ ተሠርተዋል።

ማዳመጫዎቹ የተላኩበትን ቦታ ማሰብ አሠራራቸውን ለመረዳት ይጠቅማል። የጦር መርከብ የሬዲዮ ክፍል ጠባብ ነው። ከወለሉ በታች የእንፋሎት ሞተር ይንጎደጎዳል፤ ከላይ ነፋስ ያፏጫል፤ በመተላለፊያው ሰዎች ይሯሯጣሉ። የሬዲዮ ሠራተኛው በዚህ ሁሉ መካከል ከመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት የሚመጣን የሞርስ ነጥብና ሰረዝ በመብረቅ ንፋጭ ውስጥ ለይቶ መጻፍ አለበት።

የምልክቱ መጥፋት ምን እንደሚያስከትል ዓለም የተረዳው ብዙም ሳይቆይ ነው። እአአ ሚያዝያ 1912 ታይታኒክ በሰጠመች ሌሊት በአቅራቢያዋ የነበረችው የካርፓቲያ መርከብ የሬዲዮ ሠራተኛ ሃሮልድ ኮታም ለመኝታ ልብሱን እያወለቀ ነበር። ማዳመጫውን ግን ገና ከጆሮው አላወረደም። በዚያች አጋጣሚ የድረሱልን ጥሪውን ሰማ፤ ከ700 የሚበልጡ ሰዎችም በካርፓቲያ ተረፉ።

በዚያ ዘመን የነበሩት ቀላል የሬዲዮ መቀበያዎች ምልክቱን የሚያጎላ ክፍል አልነበራቸውም። አንቴናው ከአየር ላይ የለቀማት ጥቂት የኤሌክትሪክ ጉልበት ናት በቀጥታ ማዳመጫውን የምታንቀሳቅሰው። ከዚያች ላይ የሚባክን ነገር ሊኖር አይገባም። ስለዚህ የማዳመጫው ጀርባ ዝግ፣ ፊቱም ጆሮ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚለጠፍ መሆን ነበረበት፤ የውጭውን ጫጫታ መከልከል፣ የውስጡንም ድምፅ እንዳያመልጥ መያዝ።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ጠንካራው ክዳን ለሰዓታት ጆሮን ይጫናል፤ ያልባል፤ ያማል። ሠራተኛው ከጎኑ ያለ ሰው ቢጠራው አይሰማም። የዘጋ ማዳመጫ ሁለቱንም ያደርጋል፤ የተፈለገውን ያቀርባል፣ ያልተፈለገውንም የሚያስፈልገውንም አብሮ ያርቃል።

መዝጋት ግዴታ መሆኑ ሲቀር

ዝግ ማዳመጫ ለብዙ አሥርታት ብቸኛው ዓይነት ሆኖ ቆየ ማለት ይቻላል። ጀርመናዊው የበየር ኩባንያ እአአ በ1937 ያወጣው ዲቲ 48ም ሆነ አሜሪካዊው ጆን ኮስ በ1958 ሚልዎኪ ከተማ ላይ ለሙዚቃ አፍቃሪዎች ያስተዋወቀው የስቴሪዮ ማዳመጫ ጀርባቸው የተደፈነ ነበር። በዚህ መካከል ግን መሠረታዊ ለውጥ መጥቷል። ምልክትን የሚያጎሉ መሣሪያዎች በየቤቱ ገቡ። ጉልበት ሲትረፈረፍ ጥቂቱ ቢያመልጥ የሚጎዳ ነገር የለም።

ይህን ወደ ገበያ ያወጣው በሃኖቨር አቅራቢያ የነበረው የዜንሃይዘር ኩባንያ ነው። እአአ በ1968 ኤችዲ 414 የተባለውን ማዳመጫ ሲያቀርብ ጀርባውን ክፍት አድርጎ፣ ከጆሮ የሚገናኘውን ክፍል በቀላል ስፖንጅ ሸፈነው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ባልድዊን በሕይወት ቢኖር ሬዲዮ ክፍል ውስጥ ሊያስገባው የማይችለው ዕቃ ነበር።

ጀርባን መክፈት ምን ይጠቅማል? የማዳመጫው ገበታ ሲንቀጠቀጥ አየርን የሚገፋው ወደ ጆሮ ብቻ አይደለም፤ በተመሳሳይ ጊዜ ወደ ኋላም ይገፋል። ጀርባው ከተዘጋ የኋላው ድምፅ ከክዳኑ ጋር ተላትሞ ይመለሳል፤ ከዋናው ድምፅ ጋር ይደባለቅና አንዳንዱን ዜማ ያጎላል፣ ሌላውን ያደበዝዛል። ጥሩ ሠሪዎች ይህን በስፖንጅና በተለያየ ቅርጽ ይቀንሱታል እንጂ ጨርሰው አያጠፉትም። ጀርባው ክፍት ሲሆን የኋላው ድምፅ ወጥቶ ይሄዳል። ሙዚቃው ራስ ውስጥ የታፈነ ሳይሆን ከፊት ለፊት ባለ ክፍል ውስጥ የሚጫወት ይመስላል። ጆሮም ይተነፍሳል፤ ለረጅም ሰዓት ቢደረግ አይሞቅም።

ክፍቱም ዕዳ አለበት። ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ አየር ካልታመቀለት ይሳሳል። አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሚደመጠውን ሁሉ ይሰማል፤ አድማጩም የጎረቤቱን ጨዋታ፣ የመንገዱን ጥሩምባ፣ የማዕድ ቤቱን ሳህን ይሰማል። እአአ በ1979 የመጣውና በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞችም ስሙ የማይረሳው የሶኒ ዎክማን ይዞት የወጣው ማዳመጫ ስፖንጅ የለበሰ ክፍት ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ከጎን የተቀመጠው ተሳፋሪ የዘፈኑን ምት ሳይወድ በግድ ይካፈል ነበር።

ለዚህ ነው በሬዲዮ ጣቢያና በሙዚቃ መቅጃ ስቱዲዮ ማይክሮፎን ፊት የሚቀመጥ ሰው ዝጉን የሚመርጠው። ክፍቱን ቢያደርግ ከማዳመጫው ያመለጠው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። ቀረጻው አልቆ የተቀዳውን የሚያመዛዝነው ባለሙያ ግን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ክፍቱን አድርጎ ቢሠራ ይመቸዋል፤ የድምፁን እውነተኛ መልክ ይበልጥ ያሳየዋልና። በዋጋ ውድነት ወይም በስም ዝና ብቻ የሚመርጥ ገዢ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚወስነው የሚያዳምጥበት ቦታ ነው። ጸጥ ያለ የራሱ ክፍል ላለው ሰው ክፍቱ ደስታ ነው። ቀኑን በታክሲ፣ በቢሮና በጋራ መኖሪያ ለሚያሳልፍ ሰው ግን ክፍቱ ገንዘብ ማባከኛ ይሆናል።

የጤናም ጉዳይ አለበት። ጫጫታ ባለበት ቦታ ክፍት ማዳመጫ ያደረገ ሰው የውጭውን ድምፅ ለመሸፈን የራሱን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች ድምፅ አብዝቶ በማዳመጥ ምክንያት የመስማት ችሎታቸውን የማጣት ሥጋት እንዳለባቸው ያስጠነቅቃል፤ ለአዋቂዎችም በሳምንት ከ80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓታት እንዳይበልጥ ይመክራል። ዝግ ማዳመጫ ጫጫታውን ስለሚቀንስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለማዳመጥ ያስችላል። መኪና በሚበዛበት መንገድ ለሚሻገር እግረኛ ግን ይኸው ዝግነት አደጋ ነው።

ሀብትና ወንድሞች

ባልድዊን በተራራው ግርጌ ሚል ክሪክ በሚባለው ቦታ ፋብሪካ አቋቋመ። ሌሎች ኩባንያዎች ማዳመጫውን በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ለመሥራት ፍላጎት ቢያሳዩም እርሱ ሥራው ከዩታ እንዲወጣ አልፈለገም። ፋብሪካው የሚያስፈልገውን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሸለቆው በሚወርደው ውኃ ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የባሕር ኃይሉ ፍላጎት አደገ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሌላ ማዕበል ተከተለ። እአአ በኅዳር 1920 ፒትስበርግ ከተማ የሚገኘው ኬዲኬኤ የተባለው ጣቢያ መደበኛ የሬዲዮ ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በመላው አሜሪካ ሰዎች የራሳቸውን መቀበያ መገጣጠም ያዙ። ሁሉም ማዳመጫ ይፈልጋሉ። የባልድዊን ስም በሬዲዮ አፍቃሪዎች ዘንድ የጥራት ምልክት ሆነ። ያንኑ የሚዛን አሠራር በትልቅ ጡሩምባ ላይ በመግጠም የድምፅ ማጉያም ሠራ። ማዕድ ቤት ውስጥ አሥር ማዳመጫ ይሠራ የነበረው ሰው የብዙ ሠራተኞች ቀጣሪና ባለጸጋ ሆነ።

ገንዘቡን ያዋለበት መንገድ ግን ከነጋዴዎች የተለየ ነው። ከአንድ በላይ በማግባታቸው ወይም ይህንኑ በማስተማራቸው ከቤተ ክርስቲያን የተወገዙ፣ በዚያም ሰበብ ሥራ የሚሰጣቸው ያጡ ሰዎች በአካባቢው ብዙ ነበሩ። ባልድዊን በሩን ከፈተላቸው። ፋብሪካው ውስጥ ቀጠራቸው፤ በአቅራቢያው መኖሪያ እንዲያገኙ ረዳቸው። ሰፈሩን የአካባቢው ሰው በሹክሹክታ በብዙ ሚስቶች ጋብቻ ስም ይጠራው ጀመር። ለንቅናቄው ጽሑፎችና እንቅስቃሴዎችም ገንዘብ ሰጠ። ዛሬ ከዋናው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ተነጥለው ልማዱን የሚከተሉ ቡድኖች ሐረጋቸውን ከዚያ ዘመን ንቅናቄ ይመዝዛሉ።

ሥራ አጥቶ የተንከራተተ ሰው ለተንከራታቾች ማዘኑ አያስገርምም። ችግሩ የእምነት ወንድሞቹን በድርጅቱ አመራር ላይም ማስቀመጡ ነው። ለቦታው ያበቃቸው የንግድ ዕውቀት ሳይሆን የእምነት አንድነት ነበር። ገንዘብ ትርፋቸው ባልታወቀ ሥራዎች ላይ መፍሰስ ጀመረ።

ገበያውም ፊቱን እያዞረ ነበር። ምልክትን የሚያጎሉ ቫልቮች የተገጠሙላቸው አዳዲስ ሬዲዮኖች የድምፅ ማጉያ ይዘው መጡ። አንድ ቤተሰብ አንድ ማዳመጫ ከሚሻማ ሳሎን ተቀምጦ በጋራ መስማት መረጠ። እአአ በ1924 የባልድዊን ኩባንያ ኪሳራ ላይ ወደቀ።

እርሱ ተስፋ አልቆረጠም። እንደገና ለመነሣት ገንዘብ ያስፈልግ ነበርና ለአዳዲስ ሥራዎቹ አክሲዮን መሸጥ ተጀመረ። ሽያጩ በፖስታ የተካሄደ በመሆኑ ጉዳዩ የፌዴራል መንግሥቱ ዓቃብያነ ሕግ ዓይን ውስጥ ገባ። ባልድዊን በፖስታ አማካይነት በማጭበርበር ተከስሶ ጥፋተኛ ተባለ። እአአ በ1930 በዋሽንግተን ግዛት ጠረፍ ላይ በምትገኘው ማክኒል ደሴት ወደነበረው የፌዴራል እስር ቤት ተላከና ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ታሰረ። ሃምሳ ዓመቱን አልፎት ነበር።

የባልድዊንን ሕይወት የመረመሩ ሰዎች ከአጭበርባሪ ይልቅ ለማመን የቸኮለ ሰው አድርገው ያዩታል። አክሲዮን ገዝተው ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች ግን ይህ ልዩነት ኪሳቸውን አልሞላላቸውም። ለደካማ ምልክት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ መሣሪያ የሠራ ሰው በዙሪያው ይሰሙ ለነበሩ ማስጠንቀቂያዎች ጆሮ አለመስጠቱ የታሪኩ አሳዛኝ ገጽ ነው።

ከእስር ሲፈታ ፋብሪካው በእጁ አልነበረም። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች፤ ለታሰረ አዛውንት ገንዘብ የሚያበድር አልተገኘም። ኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የበረራ ሠራተኞችና የሬዲዮ መኮንኖች ሁሉ ማዳመጫ በራሳቸው ላይ አሰሩ፤ ቅስቱ ያው እርሱ ባለቤትነቱን ያልጠየቀበት ቅስት ነበር። አንዲት ሳንቲም ግን አልደረሰችውም።

ናትናኤል ባልድዊን እአአ ጥር 19 ቀን 1961 በሶልት ሌክ ሲቲ በድህነት አረፈ። ዕድሜው 82 ነበር። ክፍቱ ማዳመጫ ገበያ ላይ ሊወጣ ሰባት ዓመታት ቀርተውታል።

የፋብሪካው ሕንፃ ግን አልፈረሰም። ዛሬም ሚል ክሪክ ውስጥ ስሙን እንደያዘ ቆሟል፤ በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብም ሰፍሯል። የብረት ምላሶቹ ሚዛናቸው ይስተካከልባቸው በነበሩት ክፍሎች ውስጥ አሁን ሠዓሊዎችና የእጅ ባለሙያዎች ይሠራሉ።